መልሱ የት ገባ? የኦፕን ሶርስ ተጠቃሚዎችን የኢሜይል ሊስት ስለ ማደራጀት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር የሚጠቀም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግር ሲገጥመው የሚደውልለት ሻጭ የለውም። ያለው ሌላው ተጠቃሚ ነው። የሚጠይቅበትና መልሱ የሚቀመጥበት ቦታ በቅጡ ካልተደራጀ፣ ሶፍትዌሩ ጥሩ ሆኖ ሳለ ሰው ተማርሮ ይተወዋል። አንዱ መፍትሔ የኢሜይል ሊስት ነው፤ ወደ አንድ አድራሻ የተላከ መልእክት ለአባላቱ በሙሉ የሚደርስበት። በዚህ እትም ከመሃል አዲስ አበባ የደረሱንን ስድስት ደብዳቤዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ አሰባስበናል።

«በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ ባሉ ቤተ መጻሕፍት ኮሃን (የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ኦፕን ሶርስ ሶፍትዌር) የምንጠቀም 40 ያህል ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ አለን። በየሳምንቱ ያው ጥያቄ ይመጣል፣ ያው ሰው ይመልሳል። አሁን የኢሜይል ሊስት ልናቋቁም ነው። አንድ ባልደረባችን ለጀማሪ፣ ለካታሎግ፣ ለሰርቨር፣ ለትርጉምና ለማስታወቂያ አምስት ሊስት ይከፈት ይላል። እናንተስ ምን ትመክሩናላችሁ?» የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ አራት ኪሎ

ሁለት ይበቃችኋል፤ አንዱ ለተጠቃሚዎች፣ አንዱ ለማስታወቂያ። 40 ሰው አምስት ቦታ ሲበተን በአንዳንዱ ሊስት ውስጥ መልሱን የሚያውቅ አንድም ሰው ላይገኝ ይችላል። ደግሞም ጠያቂዋ ችግሯ የካታሎግ ይሁን የሰርቨር ገና አታውቅም። ተሰልፈው የሚጠብቁ ተማሪዎች ፊቷ ቆመው ባርኮዱ አልነበብ ያላት ሠራተኛ «የትኛው ሊስት ላይ ልጻፍ?» ብላ እንድታስብ ማድረግ ጥያቄዋን እንድትተወው መጋበዝ ነው። ሊስት የሚከፈለው አባላት «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» እያሉ መውጣት ሲጀምሩ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ርዕሱ ላይ «ካታሎግ» ወይም «ሰርቨር» የሚል ቃል ማስቀደም ይበቃል።

የማስታወቂያው ሊስት ላይ የሚጽፉት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ። ኮሃ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሜይና ኖቬምበር፣ አዲስ ዋና እትም ያወጣል፤ በመካከሉ ደግሞ በየወሩ የማስተካከያ እትሞች ይወጣሉ። ስለዚህ በወር ከሁለትና ከሦስት በላይ መልእክት አይኖረውም። ዋና ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ በጥያቄና መልስ ብዛት ተሰላችቶ ከተጠቃሚዎች ሊስት የወጣ ሰው እዚህኛው ላይ ይቆያል፣ የደኅንነት ማስተካከያ ሲወጣም ይሰማል። ለማስታወቂያ የሚሰጥ ምላሽ በቀጥታ ወደ ተጠቃሚዎች ሊስት እንዲሄድ አድርጋችሁ አስተካክሉት።

የገንቢዎች ሊስት ለብቻ አትክፈቱ። ኮሃ ዓለም አቀፍ የገንቢዎች ሊስትና የስህተት መመዝገቢያ አለው፤ ኮድ የሚነካ ነገር ሲገኝ እዚያ ተመዝግቦ ቁጥሩ እናንተ ሊስት ላይ ይጻፍ። አዲስ አበባ ላይ ብቻ የተወራ ስህተት ኮዱን የሚያርመው ሰው ዘንድ አይደርስም።

ቴሌግራሙን አትዝጉት። «ሰርቨሩ ወድቋል፣ ማን ቅርብ አለ?» ለሚል ጥሪ ከእሱ የሚሻል የለም። ችግሩ መልሱ በማግስቱ በሰላምታና በመልካም በዓል ምኞት መሐል መሰወሩ ነው። እንዲህ ያለ ደንብ አውጡ፦ ቴሌግራም ላይ የተፈታ ማንኛውም ችግር በአንድ ኢሜይል፣ ጥያቄውም መልሱም፣ ወደ ሊስቱ ይላክ፤ የሚልከውም ጠያቂው ይሁን። መላሹ ድርሻውን ተወጥቷል። ከሁሉ በላይ ግን የሚቀጥለው ጠያቂ ማህደሩን (የተላኩት ደብዳቤዎች የሚቀመጡበትን) የሚፈልገው በመላሹ ቃል ሳይሆን በጠያቂው ቃል ነው፤ «ኢንዴክስ» (የፍለጋ ማውጫ) አይልም፣ «መጽሐፉ አለ፣ ግን አይመጣም» ነው የሚለው።

ሁለት ነገር ከመጀመሪያው ቀን ቁረጡ። አንደኛው ማህደሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑን ነው። ዝግ ነው ብለው የጻፉትን ሰዎች ደብዳቤ ኋላ ላይ ለመክፈት እያንዳንዳቸውን ማስፈቀድ ግድ ይላል። ሁለተኛው ተረኛ ነው። ሦስት ሰዎች በየሳምንቱ ይፈራረቁ። የተረኛው ሥራ መልሱን ማወቅ አይደለም፤ ማንኛውም ጥያቄ ከሁለት ቀን በላይ ምላሽ አጥቶ እንዳይቆይ ማድረግ ነው። «አይተነዋል፣ የትኛውን እትም እንደሚጠቀሙ ይንገሩን» የሚል አንድ መስመር ሰውን ያቆያል። ሊስት የሚሞተው በጸብ አይደለም፤ መልስ ባጡ ሦስትና አራት ጥያቄዎች ነው።

«በራሳችን ሰርቨር ላይ ሜይልማን የተባለውን የሊስት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ጭነን የተጠቃሚዎች ሊስት ጀመርን። መጀመሪያ ጥሩ ሠራ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ጂሜይል ያላቸው አባላት መልእክት አይደርሰንም ማለት ጀመሩ። ስናየው ሜይልማን ራሱ አግዷቸዋል። እኛ ማንንም አልነካንም።» የአይሲቲ ባለሙያ፣ ካዛንቺስ

የታገዱት የጂሜይል አባላት ቢሆኑም መነሻው ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ሊስቱ ላይ ከሚጽፉት መካከል በያሁ አድራሻ የሚጽፍ ሰው እንዳለ ይመልከቱ።

ያሁ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ጥብቅ የዲማርክ ፖሊሲ አወጀ፤ «ላኪው ያሁ ነው የሚል ኢሜይል ከእኔ መምጣቱ ካልተረጋገጠ መልሱት» የሚል ነው። ማረጋገጫው በሁለት መንገድ ይመጣል። ኤስፒኤፍ «ይህ ሰርቨር በዚህ ዶሜን ስም መላክ ተፈቅዶለታል» ይላል፤ ዲኪም ደግሞ በመልእክቱ ላይ የሚታተም ማኅተም ነው። ሊስት ሁለቱንም ያፈርሳል። የሚልከው የእርስዎ ሰርቨር ስለሆነ ኤስፒኤፉ ከያሁ ጋር አይገጥምም። ሜይልማን ርዕሱ ላይ የሊስቱን ስም፣ ግርጌው ላይ ደግሞ የመውጫ አድራሻ ሲጨምር ማኅተሙ ይሰበራል። ጂሜይል ይህን አይቶ በያሁ ደንብ መሠረት ይመልሰዋል። ሜይልማን ግን የተመለሰበትን ምክንያት አይመረምርም፤ «የዚህ ሰው አድራሻ አይሠራም» ብሎ በጂሜይሉ አባል ላይ ነጥብ ይመዘግባል። በአንድ ቀን ከ1 ነጥብ በላይ አይቆጥርም፤ በመደበኛ ቅንብሩ ነጥቡ 5 ሲደርስ አባሉን ያግዳል። የያሁ ተጠቃሚው አምስት ቀን በተከታታይ አንድ አንድ ደብዳቤ ከጻፈ፣ ምንም ያላጠፉት የጂሜይል አባላት በአንድ ላይ ይታገዳሉ ማለት ነው።

ማረጋገጫው ተመላሹ መልእክት ነው። አንዱን ይክፈቱትና 550 5.7.26 የሚል ቁጥር ይፈልጉ፤ ጂሜይል ማረጋገጫ ያላለፈ ኢሜይል ሲመልስ የሚሰጠው ቁጥር ነው። ካገኙት፣ በሊስቱ ቅንብር ውስጥ የዲማርክ ማቃለያ የሚለውን ክፍል ይክፈቱና የላኪው አድራሻ በሊስቱ አድራሻ እንዲተካ ይምረጡ። ከዚያ በኋላ የያሁ ተጠቃሚው ደብዳቤ «እገሌ በሊስቱ በኩል» ተብሎ ይደርሳል፣ ያሁን አስመስሎ አይቀርብም። ይህን ካደረጉ በኋላ የታገዱትን አባላት በእጅዎ ይመልሱ፤ ቅንብሩን ማስተካከል ብቻውን አይመልሳቸውም፣ ብዙ ሰው የሚረሳውም ይህንን ነው።

የእርስዎ ዶሜን ራሱ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ ሊኖረው ይገባል። ዲማርኩን መጀመሪያ ምንም በማይከለክለው ደረጃ ጀምረው ሪፖርቱን ለጥቂት ሳምንት ይከታተሉ። የሰርቨሩ አይፒ ቁጥር ወደ ስም ሲተረጎም የሰርቨሩን ስም መስጠት አለበት። ብዙ የክላውድ አከራዮች ወደ ውጭ የሚሄደውን ፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜይል የሚቀባበሉበትን በር) ይዘጋሉ፤ ከተዘጋ በሌላ የኢሜይል አስተላላፊ በኩል፣ በፖርት 587 መላክ ነው።

ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ለሚልክለት ደንቡን አጥብቋል። ሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን 300 የጂሜይል አባላት ባሉት ሊስት 17 መልእክት የተጻፈበት አንድ የሞቀ ቀን 5,100 ይሆናል። ሌላው መስፈርት ስፓም ነው የሚል አቤቱታ ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከ1,000 መልእክት 3 እንደ ማለት። መውጫውን ያጣ አባል የሚጫነው የስፓም ምልክቱን ነው። ስለዚህ መውጫው በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ጎልቶ ይታይ፤ ሜይልማን በኢሜይሉ ራስጌ (በተለምዶ በማይታየው የመልእክቱ መረጃ ክፍል) የሚያስገባቸውን የመውጫ መስመሮችም አያጥፉ።

አንድ ቁም ነገር እንጨምር፤ ይህን ሰርቨር በየቀኑ የሚያይ ሰው ከሌላችሁ የራሳችሁን አታቁሙ። ብዙ ትልልቅ ፕሮጀክቶች በቋንቋና በአገር የተለየ ሊስት በራሳቸው ሰርቨር ያስተናግዳሉ፤ ዴቢያንም (የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና) ሊብሬኦፊስም (የቢሮ ሶፍትዌር) እንዲህ ያደርጋሉ። መጠየቅ ነው። ጉግል ግሩፕስም ለመቶና ለሁለት መቶ ሰው ይበቃል፤ ባለቤቱ ግን የማህደሩን ቅጂ በየሦስት ወሩ እያወረደ ያስቀምጥ።

«በአማርኛ ስንጽፍ ርዕሱ አንዳንዴ ተበላሽቶ ይደርሳል፤ መሐሉ ላይ የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ጥቁር ምልክቶች ይገባሉ። ማህደሩ ውስጥም እንዳለ የምናውቀው መልስ ሲፈለግ አይገኝም።» ፒያሳ

ሁለቱም የፊደላችን ጉዳዮች ናቸው፤ በደንብ ማወቁ ይጠቅማል።

የኢሜይል ርዕስ የተሠራው ለእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ሌላ ጽሕፈት ወደ ርዕሱ ሲገባ በኮድ ተለውጦ ይጠቀለላል፤ የአንዱ ጥቅል ርዝመት ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ደንቡ ያዛል። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ሲጠቀለል 4 ምልክት ይሆናል። ለጥቅሉ መክፈቻና መዝጊያ 12 ምልክት ሲቀነስ በአንድ ጥቅል የሚገቡት 15 ፊደሎች ብቻ ናቸው። ረዘም ያለ ርዕስ ለሁለትና ለሦስት ጥቅል ይከፈላል። ጥሩ ፕሮግራም በሁለት ፊደሎች መካከል ይቆርጣል፤ መጥፎው አንዱን ፊደል ከ3 ባይቱ መሐል ይቆርጠዋል፤ ጥቁሩ ምልክት ያ ነው። ርዕሱን አጭር ያድርጉት። ሊስቱ በየርዕሱ ፊት የሚለጥፈውን ስምም ያጥፉት፤ በአማርኛ ከሆነ ግማሹን ጥቅል ይበላል፣ ከላይ እንዳልነውም የላኪውን ማኅተም ከሚሰብሩት አንዱ እሱ ነው። ኢሜይሉን በፎልደር መለየት የሚፈልግ አባል በራስጌው ባለው የሊስቱ መለያ ማጣራት ይችላል።

ፍለጋው ላይ ያለው ችግር የከፋ ነው። ለእኛ «ስህተት» እና «ስሕተት» አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት። «ህትመት»፣ «ሕትመት»፣ «ኅትመት» ሦስት ናቸው። በዚያ ላይ የቃላችን መጨረሻ ይለወጣል። በእንግሊዝኛ «ሰርቨር» ላይ የሚጨመረው ከቃሉ ውጭ ስለሆነ ቃሉ ራሱ አይነካም፤ በእኛ ግን «ሰርቨሩ» ሲባል የመጨረሻው ፊደል ራሱ ከ«ር» ወደ «ሩ» ይለወጣል። «ሰርቨር» ብሎ የፈለገ «ሰርቨሩ አይነሳም» የሚለውን ደብዳቤ አያገኘውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ችግር ሲፈታ የመጨረሻው ደብዳቤ ግርጌ ላይ «ቁልፍ ቃላት» የሚል መስመር ይኑር። ቃሎቹ ያልተጨመረባቸው፣ ያልተቀነሰባቸው ይሁኑ፤ አጻጻፋቸው ሊስቱ በተስማማበት በአንዱ መልክ ይሁን፤ ማሽኑ የሰጠው የስህተት መልእክት ደግሞ ሳይተረጎም እንዳለ ይቀመጥ። ይህን መስመር የሚጨምረው ተረኛው ነው።

ደብዳቤው በሙሉ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ከደረሰ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ዩኒኮድ (ዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ባልሆነ አሮጌ ፎንት ከተጻፈ ሰነድ ተቀድቶ የተለጠፈ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ከዚያ በፊትና በዚያ ሰሞን የተጻፉ ብዙ ፋይሎች እንዲህ ናቸው። ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየሩ ወደ ሊስቱ አይላኩ።

«አንድ አባላችን የዓመት ፈቃድ ወጣ። ኢሜይሉ በራሱ 'ፈቃድ ላይ ነኝ' እያለ ለሊስቱ መለሰ፤ ከዚያ ለራሱም መልስ መለሰ፤ ጠዋት ስንገባ 200 መልእክት ጠበቀን። ምላሽ ለሊስቱ ይሂድ ማለታችን ስህተት ነበር?» ስታዲየም አካባቢ

አልተሳሳታችሁም። ምላሽ ለላኪው ብቻ እንዲሄድ ማድረግ የሚመከርበት ቦታ አለ፤ ግን ጀማሪዎች በሚበዙበት የተጠቃሚዎች ሊስት መልሱ በግል ሄዶ ማህደሩ ላይ ጥያቄ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ይቆይ። ለጊዜው የዚያን አባል መልእክት ወደ አወያይ እንዲሄድ አድርጉ እንጂ አታስወጡት። በደንብ የተሠራ የፈቃድ ምላሽ ሊስት የላከውን ኢሜይል ከራስጌው ያውቅና ዝም ይላል፤ የእሱ ስላላወቀ የመሥሪያ ቤቱን የኢሜይል ኃላፊ ማነጋገር ያስፈልጋል። በሜይልማንም እንዲህ ያሉ አውቶማቲክ ምላሾችን በራስጌያቸው የሚያጣራ ደንብ ማስቀመጥ ይቻላል።

«'ኮሃ በአማርኛ አይፈልግም፣ እባካችሁ አስቸኳይ' ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ቀን ማንም አልመለሰልኝም። የስክሪኑንም ፎቶ አያይዤ ነበር።» ተማሪና የላብራቶሪ ረዳት፣ ስድስት ኪሎ

ፎቶው ሳይሆን አይቀርም ያስቀረው። ሜይልማን በመደበኛ ቅንብሩ ከ40 ኪሎባይት የሚበልጥ መልእክት ለአወያይ ያቆያል፤ በስልክ የተነሳ ፎቶ ግን ሜጋባይቶች ይመዝናል። አወያዩ ገብቶ ካላየው እዚያው ይቀራል። ለአወያዮች የምንለው ገደቡን ወደ 150 ኪሎባይት ከፍ እንዲያደርጉና የቆዩትን መልእክቶች በየቀኑ እንዲያዩ ነው። ለእርስዎ ደግሞ፣ የስህተቱን ጽሑፍ በፎቶ ሳይሆን ገልብጠው ይለጥፉት፤ ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ማህደር ውስጥ አይፈለግም።

ጥያቄውን እንዲህ ቢጽፉት ኖሮ፦

«ርዕስ፦ የአማርኛ ፍለጋ 0 ውጤት፣ ኮሃ 24.05። ዴቢያን 12 ላይ ነው፤ መፈለጊያው ዜብራ ነው። 'ታሪክ' ብዬ በርዕስ ስፈልግ 0 ይላል። መጽሐፉ ግን አለ፤ በመዝገብ ቁጥሩ ይከፈታል። በእንግሊዝኛ ሲፈለግ በትክክል ይሠራል። ኢንዴክሱን ከነጭራሹ መልሼ ገነባሁት፣ ለውጥ የለም።»

ይህን ያየ የሚያውቅ ሰው በአንድ መልስ ይጨርሰዋል። ዜብራ ፊደሎችን የሚለይበት ሁለት ዓይነት ቅንብር አለው፤ አንደኛው ለላቲን ፊደል የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው፣ ሁለተኛው ዩኒኮድን በሙሉ የሚያውቀው አይሲዩ ነው። አማርኛ የሚሠራው በአይሲዩ ነው። ወደ እሱ ይቀየርና ኢንዴክሱ እንደገና ከመጀመሪያው ይገንባ፤ ኢንዴክሱ ቀድሞ የተገነባው በአሮጌው ቅንብር ስለሆነ መቀየሩ ብቻ አይበቃም። እትሙን የሚያገኙት በሠራተኞች ገጽ «ስለ ኮሃ» በሚለው ውስጥ ነው። «አስቸኳይ» የሚለው ቃል ግን ማንንም አይረዳም፤ ቦታውን ለእትሙ ቁጥር ይልቀቅ።

አዲስ ጥያቄ ሲኖርዎት አዲስ ኢሜይል ይጀምሩ። የድሮ ደብዳቤ ላይ «መልስ» ብሎ ርዕሱን ብቻ መቀየር አይሠራም፤ ፕሮግራሞቹ ውይይቱን የሚያያይዙት በርዕሱ ሳይሆን በራስጌው ውስጥ በተሰወረ መለያ ስለሆነ ጥያቄዎ ሌላ ውይይት ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

«የዓለም አቀፉ ስብሰባ በ14፡00 ዩቲሲ ይባላል፤ ግማሻችን ቀድመን፣ ግማሻችን ዘግይተን እንገባለን። በሊስታችን ላይ እንዴት እንጻፈው?» ለገሃር

ከዩቲሲው (ከዓለም አቀፉ መለኪያ) ሰዓት 3 ይቀንሱ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያለውን ሰዓት ያገኛሉ። አዲስ አበባ ከዩቲሲ 3 ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጆቹ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ተደማምሮ 3 መቀነስ ይሆናል። 14፡00 ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ 08፡00 ከጠዋቱ 5 ሰዓት። ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀነስ፦ 20፡00 ዩቲሲ 17 ይሆንና ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ማስታወቂያው ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉ፣ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውም አይቅር። የስብሰባው ሰዓት በአውሮፓውያን ከተማ ሰዓት ከተነገረ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ፣ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ስሌቱ በየጊዜው ይለወጣል፤ አዘጋጆቹን በዩቲሲ እንዲያሳውቁ ይጠይቋቸው።